ነጩ መርፌ

«ለአዲስ አበባ የሚሆን ሙዝ አለ?»

«የላንቴ ነው። ልጫነው?»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ናትናኤል፣ የምስጢር ስሙ «ሽመላ»፣ ከአይሱዙው ለወረደው ባልደረባው ለደግነት ባለ ቀይ ክዳኑን መርፌ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ አቀበለው። ላንቴ የሙዝ እርሻ ላይ ጫኝ መስሎ የከረመው ለዚህ ነው። ሌሎቹ ጫኞች ምሳ ሄደዋል። መርፌዎቹን ከቤተ ሙከራ አውጥታ ያመጣችው ተመራማሪ ጸዳለ አጠገቡ ቆማለች፤ ባለ ነጭ ክዳኑ በእጇ ነው።

«ምንድን ነው የሚሠራው?» አለ ደግነት።

«ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች የድንጋጤውን ሆርሞን በጥቃቅን ከረጢቶች ቋጥረው ያስቀምጣሉ። ትእዛዝ ሲደርስ ከረጢቶቹ ከሕዋሱ ግድግዳ ተጣብቀው ይከፈታሉ፤ ያውም ጥቂት ጥቂቱ። ቀዩ ሁሉንም ባንዴ ይዘረግፈዋል፤ ልብ አይችለውም። ሐኪም ቢያየው በድንጋጤ ሞተ ነው የሚለው። ነጩ ይዘጋቸዋል፤ ግን በደም ሥር፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚሰጠው።»

ናትናኤል ዓይኑን አይሱዙው ይዞት የመጣው ጭነት ላይ ተክሏል።

ሙዙ ቢጫ ነው።

ለአዲስ አበባ የሚጫነው ጥሬው ነው፤ የሚበስለው እዚያ ነው። የመኪናው ባለቤት ክብሩ ደግሞ በሙዝ ንግድ ያረጀ፣ የእነሱው ሰው ነው፤ እሱ ቢኖር ቢጫ አይጭንም። አይ ደግነት! የከተማ ልጅ አይደል፣ ያማረውን አይቶ ከገበያ ገዛ!

«ክብሩ የት አለ?»

«ሙዙ ስር።»

ከመኪናው ወለል ደም ይንጠባጠባል።

ናትናኤል ገጀራውን ሳያነሳ ደግነት ቀደመው። ቀዩን መርፌ ጸዳለ አንገት ላይ ሰክቶ ግማሹን ጨመቀው።

«የቀረው ግማሽ ለገዢዎቼ ይበቃል። ወይ እሷን፣ ወይ እኔን፤ ምረጥ!» ብሎ ወደ ጋቢናው ሮጠ።

ጸዳለ በጉልበቷ ወደቀች። ላብ አጠመቃት።

«ነጩን ስጪኝ!»

«የደም ሥሬን እስክትፈልግ ያመልጣል! ነጩን ራሴ እወጋለሁ። ያ ነገር ከወጣ ስንቱ ያልቃል፣ ሂድ አልኩህ!»

ሄደ።

የሚንቀሳቀሰው መኪና ላይ ተንጠለጠለ። ጥይት ጆሮውን ቦጨቀው። ገጀራውን በመስኮቱ አሳልፎ ሽጉጥ የያዘውን እጅ ከአንጓው በጠሰው። መኪናው መስኖ ቦይ ውስጥ ተደፋ።

ደግነትን በጸጉሩ ጎትቶ አወጣው።

«ናቲ፣ ወንድሜ፣ እንካፈል!»

«ለወንድምህ ለክብሩ ንገረው» አለና የቀረውን ቀይ ከደግነት ኪስ አውጥቶ እስከ መጨረሻው ጠብታ አንገቱ ላይ ጨመቀው። ደግነት ጭቃውን እየረገጠ ተንፈራገጠ። ከዚያ ዝም አለ።

ናትናኤል እየሮጠ ተመለሰ። ጸዳለ ተዘርግታለች። ነጩ መርፌ በጡጫዋ ውስጥ ነው፣ አልተከፈተም። እጇ እምቢ ሲላት በጥርሷ ሞክራለች፤ ክዳኑ ላይ የጥርሷ ምልክት ነበር።

ለአለቃው ደወለ።

«ሽመላ ነኝ። ቀዩ አልቋል። ደግነት ከድቶናል፤ የለም።»

«ተመራማሪዋስ?»

«የለችም።»

«እሺ። ከዛሬ ጀምሮ ሽመላ የሚባል ሰውም የለም።»

ጸዳለ የተቀበረችው በትውልድ መንደሯ በኦቾሎ ነው። «ልቧ ነው አሉ» ይባባላል ለቀስተኛው። ናትናኤል የቆሰለ ጆሮውን በጋቢ ሸፍኖ ከዳር ቆመ። ይወዳት ነበር። ነግሯት ግን አያውቅም። እናቷ ወይዘሮ ዓለሚቱ አዩት።

«የኔ ልጅ፣ ጸዳለን ታውቃት ነበር?»

እጁ ኪሱ ውስጥ ነጩ ክዳን ላይ ያለውን የጥርሷን ምልክት ይዳብሳል።

«አይ እማማ። ሙዝ ጫኝ ነኝ፤ ለቅሶ ሰምቼ ነው። እግዜር ያጽናዎት።»

«ለማታውቃት እንዲህ ካለቀስክ፣ ብታውቃትማ ምን ልትሆን ነበር» አሉት፤ በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን እየጠረጉለት።