የዜናው ገጽ

ድርቤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የእናቷ ጥቁር ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አገኘችው። አባቷ ከሞተበት ዓመት ወዲህ ያ ቀሚስ ከሳጥን ወጥቶ አያውቅም። ደብተሮቿን እንዳቀፈች ቆመች።

«እማዬ፣ ማን ሞተ?»

እናቷ ዘርፈሽ የቀሚሱን እጅጌ በእርጥብ ጨርቅ ማበሷን አላቋረጠችም።

«ድምፅሽን ቀንሺ። ኦቦ መገርሳ ናቸው አሉ፤ አናጢው። ከሚሊሺያው ጋር እንደዘመቱ እዚያው ቀሩ። ነገ ሊነጋጋ ሲል ኦቦ ኢዶሳና ሽማግሌዎቹ ለሚስታቸው ለወለቴ መርዶ ሊነግሯት ይሄዳሉ።»

«ማን ነገራችሁ?»

«ከግንባር የተመለሰ ቁስለኛ አይቷል አሉ። እርሳሳቸው ጆሯቸው ላይ እንደተሰካ ነው የወደቁት።» ዘርፈሽ ጨርቁን ጨመቀችው። «እኔ ከኋላዋ ነው የምቆመው። ሰው ሲነገረው ይወድቃል። እኔን ከኋላ የያዘኝ አልነበረም።»

የአባቷ መርዶ ስለተነገረበት ጠዋት ከዚህ በላይ ተናግራ አታውቅም። አሁንም ወደ ቀሚሱ ተመለሰች።

ድርቤ ጆሮዋ ላይ የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ እርሳሳቸው። እርሳሱን ከራሷ የፈጠረችው እሷ ናት።

«ትምህርት ቤት የቀረ ነገር አለኝ» ብላ ወጣች።

በዘጠነኛ ክፍል ከጠረጴዛ ሥር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ባለካሬ ደብተር ነበር። ልጆቹ «ሬዲዮ» ይሉታል። የፊተኞቹ ገጾች የጨዋታ ናቸው፦ በዳማ ማን ማንን እንደረታ፣ በመረብ ኳስ ማን እንደሚያጭበረብር። መሐሉ ላይ ከሽማግሌዎች የተለቀመ የጣሊያን ጊዜ ታሪክ አለ። የመጨረሻው ዜና ነው። ሁሉም በሐሰት ስም ይጽፋል፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ከሥሩ ይመልሳል፣ ይሳደባል፣ ያሾፋል። ድርቤ «ቀስተ ደመና» ናት። «ቀስተ ደመና ዛሬ ምን አለች?» እየተባለ ደብተሩ ሲፈለግ ደስ ይላታል።

የካቲት 1970 ነበር። በምሥራቅ ጦርነት አለ፤ የመንግሥት ሬዲዮ ከሚለው ውጭ ስለ ግንባር ማውራት ያሳስራል። ደብተሩ የተወደደውም ለዚሁ ነው።

የዛሬ ሳምንት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ደብተሩ ሲደርሳት፣ «ጥቁር ነብር» የተባለው እንዲህ ጽፎ ነበር፦ «መናኸሪያ የሰማሁት ነው። ከእኛ አገር ከዘመቱት ብዙዎቹ አልቀዋል።» ከሥሩ ሌላ እጅ፦ «ወሬኛ! እስቲ ስም ጥራ።» ከዚያ ሥር፦ «ነብሩ ድመት ሆነ፣ ሚያው!»

ድርቤ ከኅዳር ወዲህ የኦቦ መገርሳ ደብዳቤ እንደቀረ ከእናቷ ሰምታ ነበር። እስክሪብቶዋን አነሳች። «አናጢው አሉበት። እርሳሳቸው ጆሯቸው ላይ እንዳለ ነው የወደቁት። ያየ ቁስለኛ ነግሮኛል።»

ከዚያ በኋላ ያሾፈ የለም። ያሸነፈች መስሏት ነበር። ወሬው ከልጆቹ ጋር ወደየቤቱ እንደሚገባ አላሰበችም።

«ጥቁር ነብር» ማለት የክፍሏ ልጅ ታፋ ነው። በጉራጌው ነጋዴ በጋሽ መሸሻ ሱቅ በር ላይ በቆርኪ ዳማ ሲጫወት አገኘችው።

«ብላ! እሷንም ብላ! አይዞህ፣ ሽንፈት አይገድልም!» እያለ ተጋጣሚውን ያበሽቀዋል።

«ታፋ፣ ና እስቲ።»

«ቆይ፣ ይሄን ልጅ ልጨርሰው። ሁለት ቆርኪ ነው የቀረው።»

«አሁን ና።»

ፊቷን አየና ተነሳ። ከሱቁ ጀርባ የሆነውን ሁሉ ስትነግረው ወዲያና ወዲህ ይገላመጥ ነበር።

«ደብተሩ ዛሬ አንተ ጋ ነው። የዜናውን ገጽ ስጠኝ፤ ለኦቦ ኢዶሳ ላሳያቸው ነው።»

«አበድሽ እንዴ? ስለ ቀበሌው ሊቀመንበር ቦርጭ የተጻፈውን ረሳሽው? ካገኙት ሁላችንም አለቀልን።»

«ደብተሩን ደብቀው። ገጹን ብቻ።»

«ገጹ ላይ የኔም ጽሑፍ አለ።»

«የአንተን ቅደደው።»

ታፋ መሬቱን በጫማው ጫፍ ቆፈረ። «ድርቤ፣ እውነት ቢሆንስ? ሦስት ወር ሙሉ ደብዳቤ የለም። ነገ እውነት ሆኖ ቢገኝ ራስሽን በከንቱ ነው ያስጠመድሽው።»

እሷም ስትመጣ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ስታስብ ነበር።

«አላውቅም» አለች። «አንተም አታውቅም። ሽማግሌዎቹ ግን የሚያውቅ ሰው ያለ መስሏቸው ነው የሚሄዱት።»

ታፋ ደብተሩን ከሸሚዙ ውስጥ አወጣ። ገጹን ገነጠለና የላይኛውን መስመር በጥንቃቄ ቀዶ ኪሱ ከተተ።

«ስሜን እንዳታነሺ።»

«አላነሳም።»

ኦቦ ኢዶሳ ግቢያቸው ውስጥ ከማንጎው ሥር ተቀምጠው ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

«አከም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት ዋልሽ ልጄ? ስለ ቦናያው የጣሊያን አውሮፕላን ልትጽፊ ነው?» አሉ ሳቅ ብለው። ተማሪ ሁሉ ለወሬ የሚመጣው እሳቸው ጋ ነው።

«ዛሬ ለሱ አይደለም፣ ኦቦ።» ወረቀቱን ዘረጋችላቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ከላይ የተቀደደውስ?»

«የሌላ ሰው ነው። የራሴን ነው ያመጣሁት።»

«ያየው ቁስለኛ ማን ነው?»

«የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ገለበጡት። ድርቤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያስታወሰችው ያኔ ነው። «ኦቦ ኢዶሳ ባለፈው ሳምንት ቦናያ ላይ አንድ የጣሊያን አውሮፕላን ነበር ያቃጠሉት። ዛሬ ሁለት ሆኗል። ለፋሲካ መርከብ ይጨምሩበታል» ይላል።

«ይሄስ የማን ነው?»

«እሱም የኔ ነው።»

ከዘራቸውን ሲያነሱ ዓይኗን ጨፈነች። እሳቸው ግን ከዘራውን ወደ ጎን አስቀምጠው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

«አንዱንም ያቃጠልኩት እኔ አይደለሁም» አሉ ቀስ ብለው። «ጭሱን ከሩቅ አይቻለሁ። ባንቺ ዕድሜ ነበርኩ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ።

«ሽማግሌዎቹን እኔ አስቀራለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ወሬው ግን ገበያ ደርሷል። ወለቴ ሰው ሁሉ ሲያያት ለምን እንደሚያቀረቅር ትናንት ጠይቃኛለች። ዛሬ ካልሰማች ነገ ከማንም ትሰማዋለች። እኔ እንዳልሄድ፣ እኛ ሽማግሌዎች በሯ ላይ ከቆምን ገና አፋችንን ሳንከፍት መርዶ ነው። ውሸት ነው ብንልም አታምነንም።»

ድርቤ ገባት። ይህን ነገር ሽማግሌ ሊነግርላት አይችልም።

«እኔ እሄዳለሁ።»

«ትጮህብሻለች። ለቀበሌ እናገራለሁም ትል ይሆናል።»

«አውቃለሁ፣ ኦቦ።»

«ወረቀቱን እዚሁ ላቃጥልልሽ?»

ድርቤ ትንሽ አመነታች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «እይዘዋለሁ። አዴ ወለቴ ማስረጃ ከፈለጉ ላሳያቸው።»

የኦቦ መገርሳ ግቢ በር ገርበብ ብሎ ነበር። አጥሩን ተደግፈው የቆሙ ያላለቁ ሁለት የመስኮት ክፈፎች አሉ። አዴ ወለቴ ሰሌን ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ።

«ድርቤ ነሽ? ኮቱ፣ ግቢ! እናትሽ ደህና ናት?» አሉና በርጩማ ሳቡላት። «አንቺ እንኳን መጣሽልኝ። ሰው ሁሉ በሬን እየሸሸ ያልፋል።»

«ደህና ናት። አዴ፣ ከመቀመጤ በፊት የምነግርዎ አለ።»

ቃሉን መንገድ ላይ ስታሰናዳው መጥታ ነበር፤ አሁን ግን አንዱም አልመጣላትም። ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ኦቦ መገርሳ ሞተዋል እየተባለ በከተማው ይወራል። ማንም አላየም። ወሬውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። የት እንዳሉ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም የለም።»

የአዴ ወለቴ እጅ በቆሎው ላይ ቀረ። ከዚያ ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከጭናቸው የወደቀው የበቆሎ ራስ ተንከባሎ ድርቤ እግር ሥር ደረሰ።

በሩ ከኋላዋ ክፍት ነበር። ድርቤ ጎንበስ ብላ በቆሎውን አነሳችና ወደ ሰሌኑ ተጠጋች።