አንዲት መምህርት ከገሳይ

ይሻው ፈንታነሽን መጀመሪያ ያያት በክፍሏ መስኮት በኩል ነው።

ደብረ ታቦር ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምር ወጣት ነበር። የዚያን ሐሙስ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ገሳይ የወጣው፣ ሒሳብ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዴት እንደሚሰጥ አይቶ ሊጽፍ ነው። ርእሰ መምህሩን ፍለጋ ሲዞር ከአራተኛ ክፍል ሳቅ ሰማ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሳቅ ሰምቶ አያውቅም።

ሰሌዳው ላይ «አንድ ሦስተኛ ከአንድ ሁለተኛ ይበልጣል» ተብሎ ተጽፏል። ስሕተት ነው፤ መምህርቷ ግን አላጠፋችውም። መልሱን የሰጠችውን ልጅ ፊት ለፊት አቁማ፣ ገመድ አስይዛ፣ «በይ፣ አሳምኚን» ትላታለች። ልጅቷ ገመዱን ለሁለት አጠፈችው፤ ቀጥላ ለሦስት። አጥሮ ስታየው አፏን በእጇ ያዘች።

«ውይ! ለብዙ ሲካፈል ያንሳላ!»

ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷም አብራ ሳቀች። ይሻው ደወል እስኪደወል ከመስኮቱ አልተነቃነቀም።

«ስሕተት ሰሌዳ ላይ ትቶ ማስተማርን ማን አሳየሽ?» አላት ስትወጣ።

«ማንም። ትክክለኛውን መልስ ልጅ ከጓደኛው ይገለብጣል፤ ስሕተቱ ግን የራሱ ነው። ከራሱ ብጀምር ይሻላል ብዬ ነው። አንቱስ ከወዴት ነዎት?»

ዓይኗን ሳትሰብር ነበር የጠየቀችው። ይሻው ያዘጋጀው መጠይቅ ሁሉ ከአእምሮው ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ማስታወሻ ደብተር ይዞ፣ ኋላ ባዶ እጁን። ከትምህርት በኋላ በገብሱ ማሳ መሀል እስከ መኪናው መንገድ ይሸኛኛሉ። ብርዱ ሲጠና ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትከናነባለች፤ ዓይኖቿ ብቻ ይቀራሉ። ይሻው ያን ጊዜ የጀመረውን ወሬ አይጨርስም። የገና በዓል ሳይደርስ «አንቱ» ወደ «አንተ» ተለወጠ፤ በየትኛው ሐሙስ እንደሆነ ሁለቱም አላስተዋሉም።

«እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ነግሮን ነው የሚሄደው» አለችው አንድ ቀን። «ጠይቆ ያዳመጠን አንተ ብቻ ነህ።»

እንደሚወዳት ሊነግራት አፉን ከፈተ። ሚኒባሱ ጥሩንባውን ነፋና ሳይነግራት ተሳፈረ።

በሚያዝያ ሐሙሲት ከተማ ለሒሳብ መምህራን ሥልጠና ተሰጠ። የፈንታነሽ ባልንጀራ መምህርት እመቤት ከዚያ ስትመለስ የሥልጠናውን መጽሐፍ ይዛ መጣች።

«እይ እስቲ! ያንቺው ገመድ፣ ያንቺው ሰሌዳ። ሽፋኑ ላይ ግን ይሻው ታደሰ ብቻ ነው ያለው።»

ፈንታነሽ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች። እሷን የሚመለከት አንድ መስመር ብቻ አገኘች፦ «አንዲት መምህርት በገጠር ትምህርት ቤት እንደሞከረችው…»

ሐሙስ ሲመጣ በር ላይ ጠበቀችው።

«እንኳን ደኅና መጡ።»

«መጡ?» ይሻው ደነገጠ። «ፈንቴ፣ ምን ሆንሽ?»

«አንዲት መምህርት ስም የላትም?»

ገባው። «በጥናት ላይ የሚጠናው ሰው ስም አይጻፍም… ደንቡ ነው እኮ።»

«አብሬዎት የምሠራ መስሎኝ ነበር። ለካ ስጠና ነው የከረምኩት። በሉ ይሂዱ፤ መኪና ያመልጥዎታል።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ደንቡ እውነት ነው፤ ሽፋኑ ላይ ስሟን እንዳይጽፍ ግን የከለከለው ደንብ አልነበረም። ይሻው መንገዱን ሙሉ ይህን ሲያመላልስ ደብረ ታቦር ደረሰ።

በዚያው ወር ዩኒቨርሲቲው ለመማር ማስተማር ማሻሻያ ኃላፊ ይመርጥ ነበር፤ ይሻው ከታጩት አንዱ ነው፤ ያሳጨውም ያ መጽሐፍ ነው። ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ግን፣ «ከሁሉ በፊት፣ ዘዴው የእኔ አይደለም። የመምህርት ፈንታነሽ ባዩ ነው፤ ገሳይ ታስተምራለች» አለ።

«ታዲያ ያንተ የትኛው ነው?» አሉት ሰብሳቢው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

«በመስኮት ማየቴ።»

ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይሻው ግን መጽሐፉን አሳርሞ እንደገና አሳተመውና አንዱን ቅጂ በእመቤት እጅ ላከ። ደብዳቤ አላከለበትም። ሹመቱን ማጣቱን የነገረቻት እመቤት ናት።

ቅዳሜ ማለዳ ፈንታነሽ መጽሐፉን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ወደ ደብረ ታቦር ተሳፈረች። ቢሮው ፈተና ሲያርም አገኘችው። ብድግ ሲል ወረቀቱ ተበተነ፤ ሁለቱም ለመልቀም ጎንበስ አሉ።

«ሹመቱን በእኔ ምክንያት አጣህ አሉኝ።»

«የሰው እንጀራ ይዤ ነበር፤ መለስኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ፈንቴ።»

ነጠላዋን ፈታ መጽሐፉን አወጣች። ሽፋኑን አሳየችው። «ስሜን ለምን አስቀደምከው? በፊደል ተራ ‹የ› ከ‹ፈ› ይቀድማል።»

«በፊደል ተራ አልደረደርኩትም።»

«በምን ተራ ነው ታዲያ?»

ይሻው የለቀመውን ወረቀት መልሶ ጣለው። «የምወደውን ስም አስቀድሜ።»

ፈንታነሽ ፊቷን ወደ ደጁ አዞረች። ፈገግታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

መስከረም ላይ ሽማግሌዎች ገሳይ ገቡ። አባቷ አቶ ባዩ በትራቸውን ተደግፈው ሰሟቸው።

«የልጁን ጠባይ ጠይቄ ደርሼበታለሁ፤ አልጠላሁትም። ልጄ ግን ትምህርት ቤቴን ትቼ ከተማ አልገባም ብላለች። የዩኒቨርሲቲ ሰው ከእኛ ጋር ይህን ብርድ ይችላል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መልሱን ከይሻው ይዘው ሊመለሱ ቀጠሮ ጠየቁ፤ በሳምንቱም ይዘው ተመለሱ፦ «ይችላል።»

ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። ይሻው በየማለዳው ገሳይ ላይ ከነጋዴዎችና ከገብስ ጆንያ ጋር ተሳፍሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። በሦስተኛው ዓመት ያ ኃላፊነት ተሰጠው፤ የጀመረውም የዩኒቨርሲቲ መምህራኑን በየተራ ገሳይ አምጥቶ ከፈንታነሽ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ በማስቀመጥ ነው። መጀመሪያ አጉረመረሙ። በኋላ ተራ ይጠባበቁ ጀመር።

ከዓመታት በኋላ የአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ በተሾመ ዕለት ጓደኞቹ እራት ቢጋብዙት፣ ቤት እጠበቃለሁ ብሎ በአሥር ሰዓቱ መኪና ተመለሰ። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ገና አልበረታም። ፈንታነሽ ደጃፉ ላይ በተቆለለ ደብተር መሀል ተቀምጣለች።

«ሾሙህ?»

«ሾሙኝ።»

ብድግ ብላ አንገቱን አቀፈችው፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀችውም። ኋላ ዓይኗን ጠረገችና ቀይ እስክሪብቶ አቀበለችው።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ የኔ ጌታ። በል፣ ሳይመሽብን አግዘኝ።»

ይሻው ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። ከጎኗ ተቀምጦም ከደብተሮቹ ግማሹን ወደ ራሱ ሳበ።