ወደ ውጭ የታጠፈ ሽቦ

መምህር በዕውቀቱ የሞተው በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ውርጭ፣ ከሦስት እስስቶቹ ጋር ነው።

ሃምሳ አለቃ ኪዳነ ወልድ በዘመሮ መንደር ከመምህሩ ግቢ ሲደርስ ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም ነበር። ግቢው በሰው ተሞልቷል። የሁሉም ዓይን ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ትንሽ የድንጋይ ቤት ላይ ነው። የሚጠጋት ግን የለም።

«እስስት ናት የገደለችው» አለ ፖሊስ አፈወርቅ፣ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ። «ትንፋሿ መርዝ ነው ይላሉ። ከይፋት ቆላ እያመጣ የሚሰጠው ያሲን ነጋዴው ነበር። አስሬዋለሁ።»

«ማን እሰር አለህ?»

«ሰው ሁሉ። ባላስረው ኖሮ ከነቤቱ ሊያቃጥሉት ነበር። ደግሞ መዝገቡን ዛሬውኑ ዘግተን ወደ አውራጃው እንላከው እያሉ ነው። እዚያ ከደረሰ መቼም ገመድ ነው።»

ኪዳነ ወልድ በሰዉ መሐል አለፈ። ባለፈው ክረምት ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ንግግሩ አጥሯል። ሰው ሞተ ሲሉት ይሄዳል፣ ሰው ተወለደ ሲሉትም ይሄዳል፤ ፊቱ አንድ ነው። ሥራው ግን አልተጓደለም። እንዲያውም የሚያዘናጋው ነገር ስለሌለ ዓይኑ ስል ሆኗል።

ጎንበስ ብሎ ወደ ትንሿ ቤት ገባ። በሩ ከነመቀርቀሪያው ተሰብሮ ወድቋል። መምህሩ መደቡ ላይ ጋቢውን እንደተከናነበ ጋደም ብሏል። የታገለ ሰው አይመስልም። ጉንጩና ከንፈሩ ቀልቷል፤ ከገበያ ሮጦ የመጣ ልጅ ይመስላል። ከመደቡ ሥር የከሰል ማንደጃ አለ፤ የቀረበት አመድ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ሦስት ሳጥኖች ተሰቅለዋል፤ ፊታቸው በፈረስ ጭራ ወንፊት ተሸፍኗል። በእያንዳንዱ ውስጥ አንዲት እስስት ቅርንጫፏን እንደጨበጠች ደርቃለች። ሦስቱም አንድ ቀለም ይዘው ቀርተዋል።

«አፈወርቅ» አለ ኪዳነ ወልድ። «እስስት ሰውየውን ገደለች እንበል። እስስቶቹንስ ማን ገደላቸው?»

አፈወርቅ ከበሩ ላይ ሆኖ አንገቱን ብቻ አስገባ። «እሱን እንኳ አላሰብኩትም።»

«ግባ እንጂ።»

«እዚሁ ይሻለኛል ጌታዬ። የሞተች መስላ ቆይታ ብትነሣስ?»

ኪዳነ ወልድ ይህን የቀላ ፊት ያውቀዋል። በወታደርነቱ ዘመን፣ በደጋ ብርድ ከሰል አንድደው ድንኳናቸውን ጥርቅም አድርገው ያደሩ ጓደኞቹ ጠዋት እንዲህ ሆነው ተገኝተዋል። ነገር ግን ከሰል የሚገድለው ዝግ ቤት ውስጥ ነው። እዚህ በጀርባው ግድግዳ ላይ መስኮት አለች። መዝጊያ የላትም፤ የተሸፈነችው በሽቦ ወንፊት ብቻ ነው። እጁን ቢዘረጋ ነፋሱ ቀዘቀዘው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሰው በከሰል ታፍኖ አይሞትም።

ወደ ጀርባ ዞረ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ መስኮቷ ከውጭ ስትታይ ጉድጓድ ትመስላለች። እጁን አስገብቶ የሽቦውን ጠርዝ ዳበሰ። ሲያወጣው ጣቱ ይደማል። ደሙን አየው እንጂ መወጋቱን አላወቀም ነበር። ቀረብ ብሎ ተመለከተ። የሽቦው ጫፎች ዙሪያውን ሁሉ ወደ ውጭ ታጥፈዋል፤ ከጫፎቹም ላይ ጥቁር የበግ ጠጉር እዚህም እዚያም ተሰክቷል። ጠጉሩን ለቅሞ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አኖረው።

የመምህሩ ሚስት አስካለ ማርያም በዋናው ቤት ውስጥ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሴቶቹ ሊያስለቅሷት ሞክረው አቅቷቸዋል።

«ልጄ፣ ከሰል ሁልጊዜ ያነድ ነበር?»

«ውርጭ ሲበረታ። የቆላ ፍጥረት ናቸው፣ ብርድ አይችሉም ይላል። ያን ጊዜ እዚያው አብሯቸው ያድራል።»

«ከሰሉን አይፈራም?»

«እንዴት አይፈራም? ለተማሪዎቹ በየዓመቱ ብርድ ሲመጣ የሚነግራቸው እሱን አይደል? ቤት ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ፣ እንቅልፍ አስመስሎ ይወስዳችኋል ይላቸዋል። መስኮቷን መዝጊያ የነሣትም ለዚሁ ነው።»

«መስኮቷ ላይ ያለው ሽቦ ነው። ሳጥኖቹ ላይ ያለው ግን ጭራ።»

አስካለ ማርያም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው የለወጠው። ድሮ ሳጥኖቹ ላይ ሻሽ ነበር። ለምግባቸው የሚያስገባላቸው ፌንጣ ሻሹን እየበላ አስቸገረው። ሽቦ እንዳያደርግ ሲንጠላጠሉበት ጥፍራቸውን ይነቅለዋል። እንግዲህ መስኮቷ ላይ የነበረውን የፈረስ ጭራ አውርዶ ለሳጥኖቹ አደረገው፤ እሱ ለስላሳ ነው። ሽቦውን ደግሞ ለመስኮቷ፤ አይጥ አይበጥሰውም።»

«ጫፉን ለምን ወደ ውጭ አጠፈው?»

«እንዳይወጋቸው ነዋ። ከሳጥን ያመለጠች እንደሆነ ወደ ብርሃን ነው የምትወጣው። እኔ ‹የሚያልፍ ሰው ይወጋልሃል› ብለው ‹በቤቴ ጀርባ ማን ያልፋል› አለኝ።» ዓይኗን ወደ እጆቿ መለሰች። «መዶሻውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ብጠራው ብጠራው ዝም አለ። ወንድሙን ጋሼ ወሰኔን ጠራሁት። እሱ ወደ ጀርባ ዞሮ ተመልሶ በሩን ሰበረው።»

ያሲን በጣቢያው ጭቃ ቤት ውስጥ እጁ ታስሮ ቁጢጥ ብሏል። ነጭ ቡሉኮውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል።

«ከመምህሩ ጋር ባለፈው ገበያ ስትጨቃጨቁ የሰማ አለ።»

«በሽቦ ነዋ!» አለ ያሲን። «የዶሮ ቤት ሽቦ አመጣሁለት፤ ዓይኑ ሰፊ ነው፣ አይጥ ያሳልፋል አለኝ። ጠባቡን አመጣሁለት፤ እሱ ደግሞ ጥፍር ይነቅላል አለኝ። ‹መምህር፣ ለእስስት ነው ወይስ ለሙሽራ?› አልኩት። ‹ሙሽራማ ትታገሣለች› አለኝ። እስኪያስለን ሳቅን። ጭቅጭቃችን ይኸው ነው።»

«ደበሎ አለህ?»

«እኔ የቆላ ሰው፣ የበግ ቆዳ ምን ሊያደርግልኝ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሃምሳ አለቃ፣ ይሰቅሉኛል አይደል?»

«አላወቅኩም ገና» አለ ኪዳነ ወልድ። ሰውየውን የሚያጽናና ቃል ቢፈልግ አላገኘም።

አለቃ ገብረ ክርስቶስን ያገኛቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ለቀብሩ ቦታ ሲያሳዩ ነው። በመምህሩ እስስቶች ላይ አውደ ምሕረት ላይ ቆመው የተናገሩ እሳቸው ናቸው።

«አውጣ ብዬዋለሁ፣ አልዋሽም» አሉ። «ቀለሙን የሚለዋውጥ ፍጥረት ለልጆች ምሳሌ አይሆንም ብዬ ነው። ሰው ግን በእስስት አይሞትም ልጄ። ኖኅ ከመርከቡ አላወረዳትም።»

«እንግዲያው ያሲንን ሲያስሩት ለምን ዝም አሉ?»

አለቃ መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ጩኸቱ በዛብኝ።»

«ከመምህሩ ጋር የተጣላስ ነበር?»

«ተጣላ አይባልም። መምህሩ ከአባቱ ርስት የራሱን ድርሻ ለትምህርት ቤት መሥሪያ ሊለቅ ነበር። በመጪው እሑድ በሽማግሎች ፊት ቃሉን ሊሰጥ ቀጥረናል። ወሰኔ መጀመሪያ ‹አባቴ የሞተበትን መሬት የማንም ልጅ አይረግጠውም› ብሎ ነበር። ሸመገልነው። በኋላ እሺ ብሎ ዝም አለ።»

«እሺ ብሎ ዝም አለ» አለ ኪዳነ ወልድ፤ ወጥቶም ሄደ።

የወሰኔ ማሳ ከመምህሩ ቤት ጀርባ ይጀምራል። ትልቅ ሰው ነው፤ ጥቁር ደበሎውን ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርጎ ደርቧል። ለወንድሙ መቃብር የሚሆን ድንጋይ እየመረጠ ነበር።

«እግዜር ያጥናዎ አቶ ወሰኔ። ጠዋት እንዴት እንደነበረ ይንገሩኝ።»

«አስካለ ማርያም ጮኸች፣ መጣሁ። በሩን መታሁ፤ ዝም። ወደ ጀርባ ዞሬ በመስኮቱ አየሁ። ያ የፈረስ ጭራ ደግሞ ዓይን አያሳልፍም፤ ጨለማ ነው። ተመልሼ በሩን ሰበርኩት።»

«በመስኮቱ አዩ?»

«አየሁ እልዎታለሁ። ግንባሬን ወንፊቱ ላይ አስደግፌ።»

ኪዳነ ወልድ ግንባሩን ተመለከተ። ንጹሕ ነው። «ድንጋዩ ከባድ ነው» አለ። «ሰው ያግዝዎ።»

በማግሥቱ፣ ከቀብር መልስ፣ ሃምሳ አለቃው ሁሉም በመምህሩ ግቢ እንዲቆዩ አደረገ። አስካለ ማርያም ከደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ አለቃ ገብረ ክርስቶስ አጠገቧ። ወሰኔ ከአጥሩ ተደግፎ ቆመ። አፈወርቅ ያሲንን እጁን እንዳሰረው ይዞት ሲገባ ሰው አጉረመረመ፤ አንዱም «ምን ያስጠብቀናል!» አለ።

«ጥቂት ነው» አለ ኪዳነ ወልድ። የመስኮቷን ወንፊት ከነእንጨት ክፈፉ ነቅሎ አውጥቶታል፤ መሬት ላይ አኖረው።

«መምህሩን የገደለው ከሰል ነው። ፊቱ ይመሰክራል፤ እስስቶቹም አብረውት ሞተዋል። ለመሆኑ በዚህች መስኮት ነፋስ እየገባ ከሰል እንዴት ገደለው?»

ወደ ጀርባው ግድግዳ አመለከተ።

«አንድ ሰው ሌሊቱን ከውጭ ደፍኗት ነበር። ሳይነጋ መድፈኛውን አወጣው። ጠዋት ለሚያያት ክፍት ናት፤ ሰውም እስስቷን ይከሳል። የደፈነው በምንድን ነው? በጥቁር ደበሎ።» የክብሪቱን ቀፎ ከፍቶ አሳየ። «ከሽቦው ጫፍ ላይ የለቀምኩት ነው። ያሲን ደበሎ የለውም። ሆኖም ጥቁር ደበሎ የዘመሮ ግማሽ ለብሶታል፤ በደበሎ ብቻ ሰው አልይዝም።»

«ታዲያ በምን?» አሉ አለቃ።

«በወንፊቱ። ይህቺ መስኮት እስከ ትናንት በስቲያ ከሰዓት ድረስ የፈረስ ጭራ ነበራት። ጭራ የበግ ጠጉር አይዝም፤ የሚደፍናት ሰው ምንም ሳይተው ይሄዳል። መምህሩ በዚያው ከሰዓት ሽቦ አደረገባት። ይህን የሚያውቁ ሁለት ናቸው፤ ሚስቱ መዶሻ አቀብላለች፣ ያሲን ሽቦውን አምጥቷል። ገዳዩ አያውቅም፤ በጨለማ አላየም። ሲያወጣው ትንሽ ያዝ እንዳደረገው ግን ሳይሰማው አይቀርም።» ወደ አጥሩ ዞረ። «አቶ ወሰኔ፣ ጠዋት በመስኮቱ አየሁ ብለዋል። ምን አየሁ አሉኝ?»

«ምንም አይታይም ነው ያልኩት።»

«በምን ምክንያት?»

ወሰኔ መሬት ላይ ያለውን ክፈፍ አየ።

«የፈረስ ጭራ ዓይን አያሳልፍም አሉኝ። ይኸው ሽቦ ነው፤ በዚህ ውስጥ በቀን የመምህሩ ጋቢ ጥለት ሳይቀር ይታያል። ግንባሬን አስደግፌ አሉኝ። ይኸው ጫፉ ወደ ውጭ ነው፤ እኔ በጣቴ ብቻ ብነካው አድምቶኛል።» ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። «ወደ ጀርባ ዞረሃል፤ ሰው አይቶሃል። ግን ቀና አላልክም። ወንድምህን በዚያ መስኮት ማየት አልቻልክም።»

እርስዎ ማለቱን መተዉን ሰው ሁሉ ሰማ።

«ደበሎህን አውልቅ።»

«ብርድ ነው» አለ ወሰኔ።

«አውልቅ ልጄ» አሉ አለቃ ገብረ ክርስቶስ።

አወለቀ። ኪዳነ ወልድ ደበሎውን ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጎ መሬት ላይ ዘረጋው። መሐሉ ላይ የተነቀለ ጠጉር መስመር ሠርቶ ይታያል፤ አራት ማዕዘን። ክፈፉን አንሥቶ፣ ገልብጦ፣ የሽቦውን ጫፍ በመስመሩ ላይ አሳረፈው። በአራቱም ጎን ገጠመ።

ከቆሙት ውስጥ አንድ ሽማግሌ አማተበ።

«መሬቱን የሚረግጠው ባዕድ ነው» አለ ወሰኔ፣ ለማንም ሳይሆን። «ስንት ጊዜ ለመንኩት።» ከዚያ ወደ አስካለ ማርያም ዞረ። «አላመመውም። እንቅልፍ ነው የሚመስለው።»

«ማን ነገረህ?» አለችው።

«እሱ ራሱ። ልጆቼን ሲያስተምራቸው ሰምቼ።»

አስካለ ማርያም አየችው። ቁጣም እንባም አልነበራትም። መሬቱን አየች።

አፈወርቅ የያሲንን ገመድ ፈትቶ የወሰኔን እጅ አሰረበት። ትናንት ቤቱን ሊያቃጥሉ የነበሩት ለያሲን መንገድ ለቀቁለት፤ ዓይኑን ግን የሚያይ አልተገኘም። እሱም የታሰረበትን እጁን እያሻሸ ከደጃፉ ሲደርስ ቆመ።

«አላህ ያጥናሽ እህቴ።»

«አሜን» አለች። ቀጥላም «ሽቦው ጥሩ ነበር» አለችው።

ያሲን በቡሉኮው ተሸፍኖ ወጣ።

ኪዳነ ወልድ ወሰኔን አስቀድሞ ከኋላ ከኋላ ሄደ። ነፋሱ ከይፋት በኩል ይመጣል። ከግማሽ መንገድ በኋላ እጁን ከካፖርቱ ኪስ አውጥቶ ተመለከተው። የተወጋው ጣቱ አብጧል። ያመዋል። ትናንት የወጋው ሽቦ ዛሬ ገና ማመሙ ነው።

ጣቱን በሌላው እጁ ጨብጦ ሄደ።