ሃያ አራተኛው ጣውላ

መሐንዲሱ የሞተው ሦስት ዓመት ሙሉ ሊያድነው በደከመለት ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የፎቁ ወለል ከድቶት ወደ ታች ወረደና ከወፍጮው ድንጋይ ላይ ወድቆ ተገኘ። ሦስት ጣውላዎች አብረውት ወርደዋል። ረፋዱ ላይ የከተማው ሹማምንት መጥተው፣ ሃያ ዓመት ተዘግቶ የኖረው ወፍጮ ቤት ቤተ መጻሕፍት ሲሆን ሊያዩ ነበር። ምን ዋጋ አለው!

መርማሪዋ ስትደርስ ሽማግሌው አናጢ እጁ በካቴና ታስሯል።

«ያለቀ ጉዳይ ነው» አላት ፖሊሱ። «ወለሉን የሚሠራው እሱ ነው፤ ትናንት ደግሞ ከሟቹ ጋር ሲጯጯሁ ተሰምተዋል። ከቀትር በፊት ጣቢያ አስገባዋለሁ።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?» አለችና ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ ለምን ተጣላችሁ?»

ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት በከንቱ አይደለም። ሳትጠይቅ ውሃም አትጠጣም።

«ለመጽሐፍ መደርደሪያ ቦታ ጠበበኝ፣ ድንጋዩን ላውጣ አለኛ! ድንጋዩ ከወጣ ይሄ ወፍጮ ቤት እንደነበር ማን ያውቃል ብዬ ጮህኩበት። አመሻሹ ላይ ራሱ መጣና 'ድንጋዩ ይቀመጥ፣ ልጆች ዙሪያውን ተቀምጠው ያንብቡ' አለኝ። ታርቀን አብረን ወጣን። እንደ ልጄ ነበር እኮ።»

«ወለሉስ?»

«በሩ አጠገብ ያለው ተሸካሚ ግንድ በስብሶ ባለፈው ሳምንት አወጣሁት። የፎቁን ጣውላ ሁሉ አንስቼ ከምሬዋለሁ። አዲሱ እስኪመጣ ሌላውን በጊዜያዊ ሳንቃ ሸፍኜ፣ የበሩን ቀዳዳ ክፍት ትቼ በገመድ አጥሬዋለሁ። ገመዱን እኔ አልፈታሁም፣ ልጄ። አልፈታሁም።»

ፎቅ ወጣች። ገመዱ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቀዳዳውን በሜትር ለካችው። ከዚያ ወርዳ የወደቁትን ጣውላዎች አንድ በአንድ ገለበጠች። ከሥራቸው በጠመኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ተጽፏል። እነሱንም ለካቻቸው። ከቀዳዳው አራት ጣት ያህል ያጥራሉ።

የቀድሞው ባለ ወፍጮ ልጅ ደጅ ላይ ሲጋራውን በሲጋራ እየለኮሰ ነበር። ቤቱን ለከተማው የሰጠችው እህቱ ናት፤ እሱ እስከ መጨረሻው ተቃውሟል።

«አፍርሼ ሆቴል ልሠራበት ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም» አለ። «ሰው ግን አልገድልም! ትናንት ሲመሽ የመጣሁት የአባቴን ሚዛን ከታች ልወስድ ነው። ፎቅ አልወጣሁም።»

የእድሳቱ ኮንትራክተር ግን ሳይጠየቅ ነው የጀመረው። «ትናንት ሲመሽ አናጢው ጣውላ ሲደረድር በዓይኔ አይቻለሁ። አርጅቷል እኮ፣ ምን ይደረግ?»

«አዲሱን ግንድ ማን ነበር የሚያመጣው?»

«እኔ ነኝ። መኪና ተበላሽቶ ነው የዘገየው» አለና ግንባሩን ጠረገ።

ሁሉንም በድንጋዩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ ሰዓቱን ያያል።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ፎቅ ላይ፣ በሩ ሥር የሚገባው ጣውላ ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ቁጥር አላቸው እንዴ?» አለ የባለ ወፍጮው ልጅ።

«አንድ ነዋ!» አለ ኮንትራክተሩ ቀልጠፍ ብሎ። «ፕላኑ ላይ ከበሩ ነው የሚጀምረው።»

«እርስዎስ አባባ?»

«ሃያ አራት።»

«ለምን?»

«እኔ ፕላን ማንበብ የት አውቄ! ከመስኮቱ፣ ብርሃን ካለበት ነው የምቆጥረው። እያንዳንዱ በቦታው እንዲመለስ ሳነሳው ሥሩ ላይ እጽፋለሁ። ክፍሉ ወደ መስኮቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ የአንዱ ጣውላ ለሌላው አይሆንም።»



«የወደቁት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ናቸው» አለች መርማሪዋ። «የመስኮቱ ጣውላዎች፣ አጫጭሮቹ ማለት ነው። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስትና ሃያ አራት ቢሆኑ ጫፋቸው በደንብ ግድግዳው ላይ አርፎ አንድ ሰው ይችሉ ነበር። እነዚህ ግን ጠርዙን ለጥቂት ነው የነኩት። አባባ ይህን አይሳሳቱም። ቁጥር መኖሩን የማያውቅ ሰው ደግሞ ከሃያ አራት ጣውላ ክምር ውስጥ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስትን መርጦ አያወጣም። የመረጣቸው ፕላን የሚያነብ ሰው ነው። ፕላኑ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ሞቷል።»

ኮንትራክተሩ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ልገድለው አልነበረም! ግንዱ ገብቷል ብዬ ለሹማምንቱ ተናግሬ ነበር። ቀዳዳውን እንዳያዩብኝ ብዬ... እነሱን ከበሩ አላሳልፍም ነበር። እሱ ቀድሞ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም!»

«ሳታስብ ሸፈንከው እንበል» አለች፤ «እርስዎ» አላለችውም። «ይህን ሽማግሌ 'በዓይኔ አይቻለሁ' ስትል ግን አስበህበት ነው።»

ካቴናው እጅ ቀየረ። ሽማግሌው የተላጠ የእጁን አንጓ እያሸ ቆመ። ነጻ ወጥቷል፤ ፊቱ ግን አልተፈታም።

«እሱ ግን ቀዳዳ እንዳለ ያውቅ ነበር» አለ። «ትናንት አብረን አይተነዋል። ለምን ረገጠው?»

መርማሪዋ በዚህ ቃል ስትጠየቅ የመጀመሪያዋ ነበር። መልሱን ታውቀዋለች፤ ባላወቀችው ደስ ባላት።

«ጠዋት ሲመጣ ተሸፍኖ አገኘው» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎ የሠሩት መሰለው።»

«እኔን አምኖ!» አለና ሽማግሌው ድንጋዩን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማንም ሊያባብለው አልደፈረም።

ሲበቃው ተነስቶ ደረጃውን ወጣ። የባለ ወፍጮው ልጅ ሲጋራውን ጥሎ ተከተለው። ገመዱን ከጥግ አንስተው፣ ሰውየው አንዱን ጫፍ ይዞለት፣ ቀዳዳውን እንደገና አጠሩት። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ቋጠረው፤ ከዚያ ጎትቶ አየው።