አናጢው የያዙት ቃል

የማስታወስ ጥናት ክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰሩ ጠዋት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ሻያቸው ውስጥ የልብ መድኃኒታቸው ከልክ በላይ በዝቶ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ጥፋተኛው የታወቀ ይመስል ነበር። በጥናቱ የሚሳተፉ፣ አንጎላቸው ታሞ የቅርቡን ነገር መያዝ የተሳናቸው አዛውንት አናጢ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያነበንቡ ነበር። «መድኃኒቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሉት» አለ የፕሮፌሰሩ ረዳት። «በሽታ ነው፤ አይፈረድባቸውም።»

«አይፈረድባቸውም እያልክ ልታስፈርድባቸው ነው» አለች የአናጢው ልጅ። «አባቴን ቆልፈውበት እኔ የት ልድረስ?»

መርማሪዋ የክፍሉን ነርስ ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻት።

«ሬሳው ከተገኘ በኋላ ማን ጋር ነበሩ?»

«ልጃቸው ቁርስ አበላቻቸው። ከዚያ ረዳቱ ፊታቸውን ላስታጥባቸው ብሎ ወሰዳቸው።»

«ቁርስ ላይም ይህንኑ ይሉ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ። ‹ባል አግኝተሽ ነው የወፈርሽው?› እያሉ ሲስቁብኝ ነበር።»

መርማሪዋ ተመልሳ አናጢው አጠገብ ተቀመጠች።

«አባባ፣ የቤቴ በር በዝናብ አብጦ አልዘጋ አለኝ። ጠርዙን ላስልገው?»

አዛውንቱ ዓይናቸውን ገለጡ። «ተይ፣ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ይድረቅ፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። አሁን ካስላግሽው በጋ ላይ ነፋስ ይገባብሻል።»

«ቅድም ምን እያሉ ነበር?»

«ቅድም? ተገናኝተን ነበር እንዴ?»

መርማሪዋ ወደ ሦስቱ ዞረች።

«እሳቸው ቃል የሚይዙት እስከደጋገሙት ድረስ ብቻ ነው፤ ሌላ ወሬ ሲገባ ይጠፋል። ጠዋት ይዘውት ቢሆን ቁርስ ላይ ሲቀልዱ ይጠፋባቸው ነበር። ስለዚህ ቃሉ የተሰጣቸው ከቁርስ በኋላ ነው።»

«ሕመምተኛ የሚለውን ማን ያውቃል?» አለ ረዳቱ።

«አንተ ታውቃለህ። ‹ይህን ቃል ያዙልኝ› እያልክ በየቀኑ የምትፈትናቸው አንተ ነህ። ዛሬም ፈተና መስሏቸው ያዙልህ። ‹ከጠዋት ጀምሮ› ያልከኝ እንደማይሆን እያወቅህ ነው።»

«የፕሮፌሰሩን ሻይም የሚያመጣው እሱ ነው» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «ጥናቱ ውስጥ የሐሰት ውጤት አስገብቷል ብለው ዛሬ ሊያሰናብቱት ነበር።»

ፖሊሶች ረዳቱን ይዘውት ሲወጡ አናጢው በዓይናቸው ሸኙት።

«ምን አጥፍቶ ነው ልጁ? ፕሮፌሰሩስ፣ ዛሬ አይገቡም?»

ልጃቸው ጠዋት ነግራቸው ነበር፤ አልቅሰውም ነበር። አሁን ኮታቸውን አለበሰቻቸው።

«አይገቡም አባዬ። ና፣ ቤታችን እንሂድ።»