ስም ለሌላቸው ስም የሚያወጣው ልጅ

መሐሪ መገናኛ፣ ድልድዩ ሥር፣ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን ልጅ ነው። መጀመሪያ የሄድኩት ለእናቴ መዝሙር ላስጭን ነበር። ዓይኔ የቀረው ግን ስክሪኑ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው ብል ደግሞ ውሸቴን ነው።

አንድ የድሮ የጀብዱ ፊልም ከፍቷል። ባርኔጣ ያደረገ ፈረንጅ ከፊት፣ ዕቃ የተሸከሙ ጥቁሮች ከኋላ።

«ይሄ ሻንጣ የያዘው አሁን ገደል ይገባል» አልኩት።

«አይተሽዋል እንዴ?»

«ኧረ አላየሁትም! ጥቁር ነው፣ ስም የለውም፣ ዕቃ ተሸክሟል። ሌላ ምን ሊሆን ነው?»

ገባ። ባለባርኔጣው ዞሮ «ሻንጣዬ!» ብሎ ጮኸ። መሐሪ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከዚያ ትክ ብሎ አየኝ። እኔም የፍላሼን ክዳን አሥር ጊዜ ከፈትኩ፣ አሥር ጊዜ ዘጋሁ።

መሐሪ የድሮ ፊልሞችን በራሱ ድምፅ በአማርኛ እየተረጎመ ነበር የሚጭነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለተሸካሚዎቹ ሁሉ ስም ያወጣላቸው ጀመር። አንዱ መኩሪያ ተባለ። መኩሪያ ገደል ከመግባቱ በፊት «ለማዕዛ ንገሩልኝ፣ ቀለበቱን ገዝቻለሁ» ይላል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ፊልም እኮ ነው!»

«ባለባርኔጣው ለምን አይሞትም ታዲያ?»

እጄን ያዘኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡልቡላ ሁለት ታክሲ ይዤ እመጣለሁ። ፍላሼ ሞልቷል፤ ምክንያት እንዳላጣ እያጠፋሁ ነው የምመጣው።

የኔ አባት ወንጌላዊ ነው። የመሐሪ እናት እትዬ የሻሽወርቅ ደግሞ ቅዳሴ አያመልጣቸውም። ማራናታ የሚል ስም ገና ሲጠራ የማን ቤት ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት።

«እናትህ ስሜን ካንተ አፍ ይስሙት።»

«ስም ማውጣት ሥራዬ አይደል? መጥራት ያቅተኛል?» አለኝ።

የመድኃኔዓለም ዕለት፣ ቅዳሜ፣ እናቱ ድንገት ከች አሉ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል፣ ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው። እኔ የሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ዘልዬ ተነሣሁ።

«ይቺ ልጅ ማናት?» አሉት።

መሐሪ አየኝ። እኔ እሳቸውን አየሁ። ታክሲ ረዳቱ «ቦሌ! ቦሌ!» እያለ ውጭ ይጮሃል። አፉ ተከፈተ፤ በልቤ «ጥራው፣ ጥራው» እላለሁ።

«ደንበኛ ናት» አለ።

«ታድያ አስተናግዳታ፣ አታስቁማት» አሉ እትዬ የሻሽወርቅ። ደግ ሴት ናቸው። የባሰብኝም ደግነታቸው ነው።

«ጨርሻለሁ እትዬ» አልኩና ፍላሼን ነቅዬ ወጣሁ። እንደ ድሮው ቢሆን አንድ ቃል ወርውሬበት ነበር የምሄደው።

ከዚያ ወዲህ በመገናኛ አላልፍም። ደወለ፣ አላነሣሁም። ምን ሊለኝ?

አንድ ቀን ግን ፍላሹን ከፈትኩት። እናቱ ከመምጣታቸው በፊት የጫነልኝ ፊልም አለ። ከባለባርኔጣው ኋላ አንዲት ውኃ የተሸከመች ጥቁር ሴት ታልፋለች። መሐሪ ድምፁን አቅጥኖ ይናገርላታል፦ «ማራናታ እባላለሁ። የሚወደኝ አለ።»

ሦስት ሰከንድ ናት። ከዚያ ባለባርኔጣው ይጋርዳታል።

ስንቴ ወደ ኋላ መልሼ አየኋት! እዚያ ውስጥ ስሜን ጥርት አድርጎ ነው የሚጠራው፣ ሳይፈራ።

እናቱ ግን ፊልም አያዩም።