ሁለቱ አረንጓዴ ላስቲኮች

ቃልአብ ውሸት የማይሆንለት ልጅ ነበር። ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ ጂም ውስጥ ሲያሠለጥን፣ ቦርጫቸውን በአንድ ሳምንት ሊያጠፉ ለሚመጡ ባለሀብቶች «አይሆንም ጋሼ፣ መጀመሪያ ጥሬ ሥጋውን ይቀንሱ» እያለ ስንቱን ደንበኛ አስኮርፏል። የጂሙ ባለቤት ጋሽ ጉግሳ «ይሄ አፍህ ያስዘጋኛል» ይሉት ነበር። እንግዲህ ትልቁን ውሸት፣ ያውም በሚወዳት ልጅ ላይ የዋሸው ይኸው ሰው ነው።

ሊና ወደ ጂሙ የመጣችው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ጡንቻዋን ቀስ በቀስ የሚያደክም ሕመም አለባት፤ ፈውስ የለውም፣ ስፖርት ግን ሊያዘገየው ይችላል ተብላለች። ጉርድ ሾላ ባለ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ስለምትሠራ ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ነው የምትውለው። ቃልአብ እየተሳበ የሚሠራበትን የስፖርት ላስቲክ ሲያቀብላት እያየችው አልፋው ሄዳ የእግር ማሽኑ ላይ ተቀመጠች።

«በላስቲክ ብንጀምር ይሻላል» አላት።

«እሱ የልጆች መጫወቻ አይደል እንዴ?»

«ማሽኑ ደግፎ ይይዝሻል፣ መንገዱንም ራሱ ይመራሻል። ላስቲክ ግን አይደግፍሽም። በሳብሽው ቁጥር እየከበደ ይሄዳል፣ ሚዛንሽን የምትጠብቂው አንቺው ነሽ።»

«ስንት ኪሎ እንደገፋሁ ይነግረኛል?»

«እሱን እንኳ አይነግርሽም።»

«እንግዲያው ማሽኑ ይሻለኛል። የሚያባብለኝ አልፈልግም። ልኬን የሚነግረኝ ነው የምፈልገው።»

ቃልአብ ሳቀና የክብደት መምረጫውን ፒን ሠላሳ ኪሎ ላይ ሰካላት። ብረቱን በእግሯ ገፍታ ካነሳችው በኋላ ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ ውስጥ ኩራትም ፍርሃትም ነበር። ልጁ እዚያው አለቀለት።

ቤቱ በሌላ አቅጣጫ ሆኖ ሳለ እስከ ሰሚት በታክሲ ይሸኛት ጀመር። መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ አወሩ፣ ቀጥሎ ስለ ሁሉም ነገር። አንድ ቀን ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር ቆመው «ሽማግሌ ልላክ?» ብሎ ጠየቃት።

ሊና የደረጃውን መደገፊያ ያዘች።

«እየደከምኩ ከሆነ አላገባህም፣ ቃልዬ። ዕድሜህን ሙሉ እኔን ስታነሳና ስታስቀምጥ እንድትኖር አልፈልግም። ባለሁበት ከቆየሁ ግን እኔው ራሴ ላክ እልሃለሁ።»

ክረምቱ ሲገባ ሠላሳው አልነሳ አለ። ፒኑን ወደ ሃያ አምስት ቀነሰላት፤ እሱንም የገፋችው ጥርሷን ነክሳ ነው። ሊና ፒኑን አየችው። የዚያን ዕለት ታክሲ ውስጥ እጇን ከእጁ አውጥታ ቦርሳዋን ያዘች። ቃልአብ ያ የብረት ክምር ቀስ እያለ ልጅቷን እየወሰደበት እንደሆነ ገባው።

«ለጊዜው ማሽኑን እንተወው» አላት በማግስቱ። «ቤትሽ እየመጣሁ በላስቲክ አሠራሻለሁ።»

ይህ ውሸት አልነበረም፤ ላስቲክ ለደከመ ጡንቻ መልካም ነው። ውሸቱ የመጣው የጀመረችበት አረንጓዴ ላስቲክም ሲያሸንፋት ነው። የላስቲክ ጥንካሬ በቀለሙ ይለያል፣ ቀለሙን ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንዳሻው ይመርጣል። ቃልአብ ቦሌ ያሉትን የስፖርት ዕቃ ሱቆች ሲያስስ ውሎ፣ ከፊተኛው በጣም የሚላላ ሌላ አረንጓዴ አገኘ። የፊተኛውን ከቦርሳው አውጥቶ አዲሱን ከተተ።

«አሁንም አረንጓዴ ላይ ነኝ?» አለች ሊና እየሳበችው።

«አሁንም አረንጓዴ ላይ ነሽ።»

ፊቷ በራ። እናቷ ወይዘሮ ሙሉነሽ ከጓዳ ብቅ ብለው «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ልጄን አቆምክልኝ» አሉት። ቃልአብ አንገቱን ደፍቶ ላስቲኩን መጠቅለል ያዘ።

ጥቂት ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ቅዳሜ ሊና በረንዳ ላይ ቆማ «ላክ» አለችው። «ሽማግሌ ላክ። ይኸው ባለሁበት ቆይቻለሁ።»

ያኔ ሊነግራት ነበር። እውነቱን ምላሱ ላይ አድርሶት ነበር። ግን ስትስቅ አያት፤ አፉ «እሺ» አለ። ጋሽ ጉግሳ ሁለት አዛውንት አስከትለው ሄዱ፣ ወይዘሮ ሙሉነሽም ልጃቸውን ሰጡ። ቃልአብ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም።

በሳምንቱ ሊና ሳትነግረው ጂም መጣች። ቃልአብ ሌላ ሰው እያሠራ ነበር፤ በመስታወቱ ውስጥ ነው ያያት። በሩቁ እጇን አውለብልባለት ማሽኑ ላይ ተቀመጠችና ፒኑን ራሷ ሠላሳው ላይ ሰካች። ልታስደስተው ነው የመጣችው። የሰውየውን ብረት ደግፎ ይዞ ስለነበር ሊያስቆማት አልቻለም።

ገፋች። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ሃያ አምስት አደረገችው፤ እሱም አልነሳ አለ። ፒኑን እያወጣች እየሰካች ወደ ላይ፣ ወደ ቀላሎቹ ብረቶች ሄደች፤ ለእሷ የተነሳላት ከሁሉም በላይ ያለው አንዱ ብረት ብቻ ነበር። አጠገቧ ያለው ሰውዬ አይቶ እንዳላየ ፊቱን አዞረ።

«አረንጓዴውስ?» አለችው ቃልአብ ሲደርስ። ድምጿ ቀጭን ነበር።

ሁሉንም ነገራት። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችውም።

«የረር ተራራን ከበረንዳችን አይተኸው የለ?» አለች። «አንድ ቀን በእግሬ መውጣት እፈልግ ነበር። ባለሁበት ነኝ፣ ከሠርጉ በኋላ ይደርሳል አልኩ። እነዚያ ወራት የእኔ ነበሩ፣ ቃልአብ። የሚያስችለኝ ጉልበት የነበረኝ ያኔ ነበር። አንተ ነህ የወሰድክብኝ።»

«አዝዬሽ እወጣለሁ—»

«ዝም በል!»

ስልኳን አላነሳ አለች። ቃልአብ በየቀኑ ሰሚት ድረስ እየሄደ በር ያንኳኳል፤ ወይዘሮ ሙሉነሽ በሩን ገርበብ አድርገው «ሽማግሌዎቹን በክብር መልሻለሁ፣ አንተም ሂድልኝ» ይሉታል። እግሩ ግን እየተጎተተም ቢሆን ይመልሰዋል። እህል ከአፉ ጠፋ፤ ጋሽ ጉግሳም ሰው ሆነህ እስክትመለስ አትሥራ ብለው አሰናበቱት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከውስጥ ድምፅ መጣ። «ይግባ፣ እማዬ።»

ሊና ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ክስት ብላለች። ቁጭ በል አላለችውም።

«ከዚህ በኋላ ምን ይሆናል? ሳታባብል ንገረኝ።»

«ይቀንሳል» አለ ቃልአብ። «በላስቲክም በማሽንም ይቀንሳል። እኛ ማዘግየት ብቻ ነው የምንችለው።»

«አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«ስለ እግሬ ነገርከኝ። አሁን ስለ ራስህ ንገረኝ።»

ቃልአብ ወለሉን አየ። «እፈራለሁ፣ ሊና። አንዳንድ ቀን ታክሲ ስይዝ እዚህ ሳልወርድ ዝም ብዬ መጥፋት ያምረኛል።»

ጓዳ ውስጥ የዕቃ ድምፅ ቆመ። ሊና ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ ወረደ።

«እኔም እኮ መጥፋት ያምረኛል» አለች። «እኔ ግን የምሄድበት የለኝም።»

ቃልአብ አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት አለቀሰ። አይዞሽ አላላትም። ሊናም ፊቷን በክንዱ ላይ ደፍታ ብዙ ቆየች፤ ሲበቃት ቀና አለች።

«እማዬ!» ብላ ተጣራች። «ለጋሽ ጉግሳ ደውይላቸው። እየደከምኩ እንደሆነ፣ እንደማልድንም ንገሪያቸው። ይህን ሰምተው ከፈቀዱ፣ ለሽምግልናው እንደገና ይምጡ።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ በእርጥብ እጃቸው ስልካቸውን ይፈልጉ ጀመር።